ቅጠል ሲያረጅ ናይትሮጅኑ ወዴት ይሄዳል?

በዮርዳኖስ አገር፥ ከአማን ከተማ በስተ ሰሜን፥ ጁበይሃ የሚባል ከፍተኛ ስፍራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው የዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ኮረብታው ዛሬ አብዛኛው በቤት ተሸፍኗል። ሆኖም ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ የስንዴና የገብስ ማሳ፥ የወይራና የበለስ ዛፍ አሁንም ይታያል።

የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም አክብረው የተመለሱ ተሳላሚዎች በግንቦት ወር በዚህ ስፍራ ጥቂት ቀን ዐርፈው ነበር። ከእነርሱም አንዱ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ገበሬ፥ ከመንገዱ ዳር ያለውን ማሳ ቆመው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፥ «አባ፥ ይህ ስንዴ ታሞ ነው ወይስ ደርሶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው። በአገራችን ስንዴ በክረምት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ በዚህ ግን ዝናም የሚጥለው በብርዱ ወራት ስለ ሆነ በኅዳር ተዘርቶ በሰኔ ይታጨዳል። ስለዚህ «ደርሶ ነው፥ አባቴ» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸው ግን «በምን ታወቀ? የተራበ ስንዴም እኮ እንዲሁ ቢጫ ይሆናል» አሉ።

ይህን ሲሉ ያፈርሁበት ነገር ትዝ አለኝ። በአገር ቤት ሳለሁ የገዳማችን ስንዴ ዘርዝሮ፥ አብቦ፥ ፍሬ ከያዘ በኋላ የታች ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አየንና «ርቦታል» ብለን ከተሳላሚ ምጽዋት የተገዛውን ዩሪያ ግማሽ ጆንያ በደረቀው መሬት ላይ በተንነው። ጆንያውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ስንዴው አንዳች ለውጥ ሳያሳይ በቀኑ ደረቀ። ያን ጊዜ እህሉን ያዳንነው መስሎን ደስ ብሎን ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ምጽዋት ወዴት እንደ ሄደ አውቃለሁ። ለሽማግሌው የሰጠሁት መልስ ረጅም ስለ ነበረ፥ ለወንድሞች ተማሪዎችና ለተሳላሚዎችም ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እዚህ ጻፍሁት።

ናይትሮጅን ምንድን ነው ቢሉ፥ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ እርሱ ነው። ብዛቱ እንዲህ ሲሆን ተክል ከአየሩ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ስለ ምን ቢሉ፥ የናይትሮጅን ቅንጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው እጅግ ጠንክረው የተያያዙ ስለ ሆኑ ነው። ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ በሥራቸው እብጠት ውስጥ የሚያድሩ ረቂቃን ባክቴሪያዎች ይህን ማሰሪያ ይፈቱላቸዋል። ስንዴና ጤፍ ግን ይህ ረዳት ስለ ሌላቸው፥ በዐፈር ውሃ ውስጥ የተሟሟውን ናይትሬትና አሞኒየም በሥራቸው ከመሳብ በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም።

የተሳበው ናይትሬት በተክሉ ውስጥ በሁለት ደረጃ ተለውጦ አሞኒየም ይሆናል። አሞኒየሙም ግሉታሜት ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር ተጣምሮ ግሉታሚን የሚባለውን ይሰጣል። ይህን የሚያጣምረው ግሉታሚን ሲንቴቴዝ የተባለ ኤንዛይም ነው፤ ኤንዛይም ማለት ራሱ ሳያልቅ የሌላውን ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ስሙ ረጅም ስለ ሆነ ከዚህ በኋላ «አጣማሪው» እንለዋለን፤ የትምህርታችን ዋና ነገር በእርሱ ላይ የቆመ ነውና ልብ ይሏል። ሊቃውንት ቀድሞ ይህን ሥራ ሌላ ኤንዛይም የሚሠራው ይመስላቸው ነበር፤ እውነተኛውን መንገድ በ1974 ዓ.ም. የገለጡት ፒተር ሊና ቤንጃሚን ሚፍሊን የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው።

ከግሉታሚን ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ይሠራሉ፤ ከእነዚያም ፕሮቲን ይሠራል። በስንዴ ቅጠል ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል የሚገኘው ክሎሮፕላስት በሚባሉት አረንጓዴ ክፍሎች ውስጥ ነው። በእነዚያም ውስጥ ሩቢስኮ የሚባል አንድ ፕሮቲን ብቻውን ከቅጠሉ ናይትሮጅን ሩብ ያህሉን ይይዛል። የሩቢስኮ ሥራ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይዞ ወደ ስኳር ሥራ ማስገባት ነው። ሥራው ዘገምተኛ ስለ ሆነ ተክሉ እጅግ አብዝቶ ይሠራዋል። በመብዛቱም ምክንያት ሁለት አገልግሎት ሰጠ፤ ቅጠሉ ልጅ ሳለ ሠራተኛ ነው፥ ቅጠሉ ሲያረጅ ደግሞ የሚገለበጥ ጎተራ ነው።

አሁን ወደ እርጅናው እንግባ። ብዙ ሰው ቅጠል ቢጫ ሲሆን የሞተ ይመስለዋል። ነገር ግን ቢጫ በሚሆንበት ጊዜ ቅጠሉ በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ እጅግ ሥርዓት ያለውን ሥራ እየሠራ ነው። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ሲፈርስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ምሰሶውና ሠረገላው ለአዲሱ ሕንፃ ስለሚፈለግ አናጢው በዘፈቀደ አይጥለውም፥ ከላይ ጀምሮ በተራ ያወርደዋል እንጂ። ቅጠልም እንዲሁ መጀመሪያ ክሎሮፕላስቱን ይፈታል፤ ትእዛዝ የሚሰጠውን የሕዋስ እምብርትና ኀይል የሚሰጡትን ክፍሎች ግን እስከ መጨረሻ ይጠብቃል፤ ሠራተኛውን አስቀድሞ ቢያሰናብት የሚያፈርሰው ስለማይኖር ነው።

ቢጫውም ቀለም ከየትም የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞም በቅጠሉ ውስጥ ነበረ፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሸፍኖት ነበር። ክሎሮፊሉ ለምን ይፈርሳል ቢሉ፥ ከፕሮቲኑ ከተለየ በኋላ ብርሃን እየተቀበለ የሚቀጥል ከሆነ ሕዋሱን ስለሚያቃጥል ነው። አስቀድሞ መርዙን ማብረድ ያስፈልጋል። ከክሎሮፊሉ የሚገኘው ናይትሮጅን ጥቂት ስለ ሆነ ተክሉ አይሰስትለትም፥ እዚያው በቅጠሉ ውስጥ ይተወዋል። የሚፈለገው ከጀርባው ያለው ፕሮቲን ነው። እንግዲህ እኛ በዐይናችን የምናየው የቀለም ለውጥ የነገሩ ምልክት እንጂ የነገሩ ልብ አይደለም።

ፕሮቲን እንዳለ ተሸክመው በቅጠል ሥር አያልፉትም፤ ግዙፍ ነውና። ስለዚህ ወደ አሚኖ አሲድ ይሰባበራል። ከአሚኖ አሲዶቹ ብዙዎቹ ደግሞ ቅጠሉ ስኳር መሥራት ስላቆመ ለኀይል ይነድዳሉ፤ በሚነድዱበት ጊዜ ናይትሮጅናቸው በአሞኒያ መልክ ይለቀቃል። አሞኒያ ማለት በበግ ጋጣ ውስጥ ጧት በር ሲከፈት አፍንጫን የሚመታው ሽታ ነው። በቅጠል ውስጥ ሲበዛ መርዝ ነው። በዚህ ጊዜ ነው አጣማሪው የሚፈለገው፤ የተለቀቀውን አሞኒያ ወዲያው ይዞ ግሉታሚን ያደርገዋል። ግሉታሚንና አስፓራጂን የሚባለው ወንድሙ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ናይትሮጅን ስለሚሸከሙ ለመንገድ የተመቹ ጭነቶች ናቸው፤ በቅጠሉ ሥር ወርደው፥ በአገዳው ወጥተው፥ ወደ ዛላው ይገባሉ።

በስንዴ ይህ ነገር ምን ያህል ታላቅ እንደ ሆነ በቁጥር እንመልከት። በፍሬው ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ከመቶ 60 እስከ 95 እጅ የሚሆነው አበባ ሳይወጣ አስቀድሞ ከዐፈር ተወስዶ በቅጠልና በአገዳ ተከማችቶ የቆየው ነው። ከአበባ በኋላ ሥሩ ከዐፈር የሚጨምረው ጥቂት ነው። እንግዲህ የምንበላው የስንዴ እንጀራና የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ፕሮቲን በአብዛኛው በመጀመሪያ ቅጠል ሆኖ የነበረ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። አንድ ወንድም «አሞኒያ የተባለው በአማን ስለ ተገኘ ነውን?» ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም። አማን ስሟን ያገኘችው ከሎጥ ልጅ ከአሞን ነገድ ነው። አሞኒያ ግን በግብፅ በረሓ በሲዋ ከነበረው ከአሙን ጣዖት ቤት ጋር ተያይዞ «የአሙን ጨው» ከተባለው ጨው ስሙን ወስዷል። ሁለቱ በድምፅ ይመሳሰላሉ እንጂ አይዛመዱም።

ከላይ የተናገርነው ሥርዓት ሁሉ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ትምህርታችን በዚህ በቆመ ነበር። ነገር ግን ክፍተት አለበት። አጣማሪው ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ በክሎሮፕላስት ውስጥ ይኖራል፥ ሁለተኛው ከክሎሮፕላስት ውጭ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ይኖራል። ክሎሮፕላስት ሲፈርስ በውስጡ ያለው አጣማሪ አብሮ ይፈርሳል። ሁለተኛው በእርሱ ፈንታ ይነሣል፤ ነገር ግን የፊተኛውን ያህል ብዙ አይደለም፥ የሚለቀቀው አሞኒያ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ በዝቷል። ከዚህ የተነሣ ሳይያዝ የሚቀር አሞኒያ በሕዋሶቹ መካከል ባለው እርጥበት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያም በቅጠሉ ረቂቃን ቀዳዳዎች በኩል ወደ አየር ይወጣል።

ይህን በልኬት ካረጋገጡት መካከል በአውስትራሊያ ካንቤራ የነበሩት ፋርኩሃር፥ ቬትሴላርና ፈርት ይገኙበታል። በ1979 ዓ.ም. የሚያረጅ የበቆሎ ቅጠል አሞኒያ ወደ አየር እንደሚለቅ ጻፉ። በሚከተለው ዓመት ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አሳዩ። ቅጠል አሞኒያን ሁልጊዜ የሚሰጥ ወይም ሁልጊዜ የሚቀበል አይደለም፤ በውስጡና በውጭው አየር መካከል የሚመዛዘንበት ልክ አለ። የውጭው አየር ከዚያ ልክ በላይ አሞኒያ ካለበት ቅጠሉ ይጠጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቅጠሉ ያወጣል። በአደንጓሬ ቅጠል፥ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፥ ልኩ ከአየር ቢሊዮን እጅ ሁለት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ልክ ከቅጠሉ ጋር ይለዋወጣል። ቅጠሉ ሲያረጅ ከፍ ይላል፤ ማዳበሪያ የበዛለት ተክል ልኩ ከፍ ያለ ነው፤ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲጨምር ልኩ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ብዙ ማዳበሪያ የጠገበ፥ በቀትር ፀሓይ የሚያረጅ ማሳ ከሁሉ ይልቅ ያወጣል።

የሚጠፋው ስንት ነው? በዴንማርክ በስንዴ፥ በገብስ፥ በአተርና በጎመን ዘር ማሳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲለካ፥ ከሰብሉ ወደ አየር የሚወጣው ናይትሮጅን በሄክታር ከ1 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ ታይቷል። ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። እኔም ጥቂት መስሎኝ ነበር፤ ካሰላሁት በኋላ ግን አስተያየቴን ለወጥሁ። አንድ ኪሎ ናይትሮጅን በስንዴ ፍሬ ውስጥ 5 ኪሎ ከ700 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ከመቶ 12 እጅ ፕሮቲን ባለው ስንዴ ይህ የግማሽ ኩንታል ገደማ እህል ፕሮቲን ነው። እንግዲህ አምስት ኪሎ ከጠፋ፥ ከሁለት ኩንታል ከሩብ በላይ የሚሆን ስንዴ ፕሮቲን በማይታይ ጭስ ከማሳው ወጣ ማለት ነው። ጆንያው አይጎድልም፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ግን ያንሳል።

በገለባው ውስጥ የሚቀረው ናይትሮጅን ግን እንደዚህ አይደለም። ገለባውን በሬ ይበላዋል፥ ፍግ ሆኖ ይመለሳል። ወደ አየር የወጣውም ፈጽሞ ከዓለም አይጠፋም፤ በዝናምና በጤዛ ወደ ምድር ይወርዳል፥ ነገር ግን የሚወርደው በሌላ ሰው ማሳ ነው።

አሁን ወደ ጁበይሃ ስንዴ እንመለስ፤ ስለ ቅጠል እርጅና ከተገለጡት ነገሮች እጅግ የሚደንቀው የተገኘው በዚህ አካባቢ ምድር ከሚበቅል ዘር ነውና። በዮርዳኖስ ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉ ኮረብታዎች ማንም ሳይዘራው የሚበቅል የዱር ስንዴ አለ። አሮን አሮንሶን የተባለ የዕፀዋት ሊቅ በ1906 ዓ.ም. በገሊላ በሮሽ ፒና አግኝቶ ለዓለም አስታወቀው። ዛላው ሲደርስ ራሱ ተሰባብሮ ይረግፋል፤ ፍሬው በቅርፊት የተያዘ ነው። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ «አጃ» ሲባል የኖረው፥ ቅርፊቱ በውቂያ በቀላሉ የማይለቀው ስንዴ ለዚህ የዱር ስንዴ የቅርብ ዘመድ ነው። (ዛሬ አጃ የሚለውን ስም ለሌላ እህልም ስለሚሰጡት አንባቢ እንዳይሳሳት።)

የዱሩ ስንዴ ፍሬ ከእርሻው ስንዴ ይልቅ ፕሮቲን የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር፥ በካሊፎርኒያ ያሉ ሊቃውንትና ባልንጀሮቻቸው በ2006 ዓ.ም. አንድ ጂን አገኙ፤ ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ትእዛዝ ነው። ይህ ጂን ሥሩን ናይትሮጅን አብዝቶ እንዲስብ የሚያዝዝ አልነበረም። የሚያዝዘው ቅጠሉ በጊዜ እንዲያረጅ ነው። የዚህን ጂንና የመሰሎቹን ድምፅ ዝቅ ባደረጉበት ስንዴ ቅጠሉ ከሦስት ሳምንት በላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን፥ ዚንክና ብረት ግን ከመቶ ከ30 እጅ በላይ ቀነሰ። በዛሬው ዘመን በሚዘሩት በአብዛኞቹ ስንዴዎች ይህ ጂን ሥራውን ያጣ ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ በገዳማችን ማሳ ያደረግነው ሁሉ ፊቴ ላይ ቆመ። እኛ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ እንመኝ ነበር፤ አረንጓዴነት ደኅንነት ይመስለን ነበርና። አረንጓዴ ሆኖ የዘገየ ቅጠል ግን ለልጁ ሊያወርሰው የሚገባውን ሀብት በእጁ ይዞ የቆመ ነው።

ሆኖም ቶሎ ያረጀ ሁሉ መልካም ነው አንልም። ቅጠሉ ጎተራ ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤትም ነው፤ የፍሬውን ዱቄት የሚሠራው ስኳር የሚመጣው ከእርሱ ነው። ወጥ ቤቱ በጊዜ ከፈረሰ ፍሬው ፕሮቲን የበዛበት ግን ቀጭንና የተጨማደደ ሊሆን ይችላል። በጁበይሃና በአካባቢው ዝናሙ ቀድሞ ሲቋረጥ፥ ከበረሓ የሚነሣው ደረቅ ሙቅ ነፋስም በግንቦት ሲመታው የሚሆነው ይህ ነው። ነፋሱ እጅግ ከበረታ ደግሞ ቅጠሉ ሥራውን ሳይፈጽም ይደርቃል፤ ምሰሶውን ሳያወርዱ ቤቱ እንደሚወድቅ ማለት ነው። ገበሬ የሚመኘው መካከለኛውን ነው፤ ፍሬው እስኪሞላ አረንጓዴ፥ ከዚያ በኋላ ፈጥኖና በሥርዓት ቢጫ።

እንግዲህ ሽማግሌው «በምን ታወቀ?» ላሉት መልሱ ይህ ነው። የተራበ ስንዴና የደረሰ ስንዴ አንድ ዐይነት ቢጫ የሚሆኑት፥ ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ስለ ሆነ ነው። የተራበው ቡቃያ ከዐፈር ሲያጣ ከአሮጌው ከታች ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ለላይኛው ይሰጣል፤ የደረሰውም ከቅጠል ወስዶ ለፍሬ ይሰጣል። ስለዚህ ቅጠሉን ብቻ ማየት አይበቃም፥ ተቀባዩን ማየት ያስፈልጋል። ስንዴው ገና ሳይዘረዝር የታች ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢገረጣ፥ ቁመቱም ቢያጥር፥ ርቦታል፤ በዚህ ጊዜ ዩሪያ ይረዳዋል። ዛላው ከወጣ ፍሬውን በጥፍር ጫን ይሏል። ወተት ከወጣ ገና እየተቀበለ ነው፤ እንደ ሊጥ ከሆነ ቅብብሉ ሊፈጸም ተቃርቧል፥ ምንም ቢጨምሩለት የሚቀበል የለም። ሦስተኛም አለ፤ ቢጫው በቅጠሉ ላይ በመስመር የተሰለፈ ዱቄት ሆኖ ጣትን የሚያቀልም ከሆነ ዋግ ነው። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. ብዙ ስንዴ ያጠፋው ቢጫ ዋግ እንዲህ ያለው ነበር፤ ለዚያም ማዳበሪያ መድኃኒቱ አይደለም።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ከማሳው ዳር አንድ ዛላ ቀጠፉና ፍሬውን ፈልቅቀው በጥፍራቸው ጫኑት። ከዚያም ወደ አፋቸው ጨምረው ጥቂት አኝከው፥ «ሊጥ ነው፤ ደርሷል» አሉ። እኔ በመጽሐፍ ያወቅሁትን እርሳቸው በጥርሳቸው ያውቁት ኖሯል፤ የጠየቁኝ ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ እንጂ እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ አልነበረም።

የእኛ ግማሽ ጆንያስ ወዴት ሄደ? ዩሪያ በመቶ ኪሎው 46 ኪሎ ናይትሮጅን የያዘ ነው። በደረቅ መሬት ላይ ሳይቀበር ከተበተነ ጤዛ ወይም ጥቂት ካፊያ እስኪያገኘው ይቆያል። እርጥበት ሲያገኝ በዐፈር ውስጥ ያለ ኤንዛይም ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ የሚያሰርገው በቂ ዝናም ካልተከተለ ከዚያ ብዙው እንደ ጋጣው ሽታ ወደ አየር ይሄዳል። የኖራ ባሕርይ በበዛበት ዐፈር፥ በዮርዳኖስ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚታየው፥ ይህ ይብሳል። የቀረው በዐፈሩ ውስጥ ወደ ናይትሬት ተለውጦ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል፤ ጎርፍና ጠበልም ያጥበዋል። ስንዴው ግን ማዕዱን አንሥቶ ነበር። በእውነት ለመናገር፥ አበባ በሚወጣበት ጊዜ፥ መሬቱ እርጥብ ቅጠሉም አረንጓዴ ሳለ የሚሰጥ ጥቂት ናይትሮጅን የፍሬውን ፕሮቲን ሊጨምር ይችላል። እኛ ያደረግነው ግን ከዚያ በኋላ፥ ደርቆ ነው።

ስለ ዛፎችም ጥቂት እንጨምር፤ የዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂዎች ይህን መስማት ይገባቸዋልና። በጁበይሃ በለስና ወይን በብርዱ ወራት መግቢያ ቅጠላቸውን ያረግፋሉ፤ ወይራ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የመዝሙር ትርጓሜ ሲማሩ ቅጠሉ ስለማይረግፍ ዛፍ የሚከራከሩ ወንድሞች አሉ። የወይራ ቅጠልም ያረጃል፥ ይረግፋልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጠል ሁለትና ሦስት ዓመት ስለሚኖርና በየተራ ስለሚወርድ ዛፉ ራቁቱን አይቆምም። በዐጸዳችን ያለው የአገራችን ወይራም የዚሁ ወገን ነው።

ዛፍ ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት ከናይትሮጅኑ በአማካይ ግማሽ ያህሉን መልሶ ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይወስዳል። ብሳና ቅጠሉ ሊወድቅ ሲል ብርቱካን የመሰለ ቀለም ሲይዝ የምናየው ይህን በሚያደርግበት ጊዜ ነው። ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኙ ዛፎች ግን ብዙ አይሰስቱም፤ በቅጠላቸው ብዙ ትተው ይጥሉታል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጤፍ በሥሩ የሚዘራበት ገርቢ የሚባለው ግራር ለገበሬ የተወደደው በዚህ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቅጠሉን የሚጥለው በክረምት፥ እህሉ ብርሃንና ምግብ በሚፈልግበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ በመሬት ላይ የወደቀ ቅጠል ግማሽ ያህል ሀብቱን ይዞ ወድቋል። በብዙ ስፍራ ግን ዐጸዱን ለማንጻት ተብሎ በበዓል ዋዜማ ቅጠሉ ተጠርጎ ሲቃጠል እናያለን። በእሳት ውስጥ ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል ሁሉ ጭስ ሆኖ ይሄዳል፤ በዐመዱ የሚቀረው ፖታሲየም፥ ካልሲየምና ፎስፎረስ ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲራቆት ያለ አንዳች ማዳበሪያ ለምልመው የኖሩት፥ ከምክንያቶቹ አንዱ የወደቀው ቅጠል በወደቀበት ስለሚበሰብስ ነው። መንገዱና ቅጽሩ ይጠረግ፤ የተጠረገው ግን በዛፎቹ ሥር ይመለስ፥ ወይም በጉድጓድ ከፍግ ጋር ተደርቦ ዐፈር ይልበስ። ዐፈር ካልለበሰ እርሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፤ ጉድጓዱ የጋጣ ሽታ ከሸተተ ክዳን ወይም ገለባ አንሶታል ማለት ነው።

በገዳማችን ዕቃ ቤት ሌላው ግማሽ ጆንያ ተርፎ ነበር። ለመጋቢው በደብዳቤ የጻፍሁላቸው ይህን ነው፤ በሚመጣው ክረምት ስንዴው ከተዘራ አንድ ወር አልፎት፥ ከአንዱ ሥር ብዙ አገዳ ሲያወጣ፥ መሬቱ እርጥብ ሳለ ጧት ይሰጠው፥ ወዲያውም በኩትኳቶ ዐፈር ይልበስ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ግን ጆንያውን ማንም አይንካው፤ ማጭድ ይሳል።